ክምራችሁን አትክፈቱ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። መነጽሬን ፈልጌ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምሁ ለባለቤቴ ለዘይነባ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። «በአንዳንድ ደጋማ አካባቢዎች ከባድ ነፋስ ሊከሰት ስለሚችል ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን» ይላል።

ዘይነባ ያጠበችውን ልብስ በሳፋ ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር።

«እና ላስጣው አላስጣው?» አለችኝ።

«አስፈላጊውን ጥንቃቄ አድርጊ ነው የሚለው።»

«እሱንማ ሰማሁ። ላስጣው ወይ ነው የምልህ።»

የሥራ ዘመኔን መካነ ሰላም ገበያ መሐል ቆሜ ስለ ነፋስ ስጮህ የጨረስሁ ሰው፣ ለአንድ ሳፋ ልብስ መልስ አጣሁ። እሷ ልብሱን ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ዘረጋጋችው፤ እኔ ደብተር ፈልጌ ተቀመጥሁ። የጀመርሁት በንዴት ነው። ንዴቱ ግን ገጹ ሳያልቅ በረደልኝ፤ የሠራሁት ሥራ ሲታሰበኝ ከሚያናድደው የሚያስቀው ይበዛል። ጽሑፌ አያምርም። ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው፤ ለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም።

ወደ አየር ጠባይ ጣቢያው የገባሁት በዘበኝነት ነው። ጣቢያ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ከፍታ ላይ የታጠረ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ቤት፣ በእግሩ የቆመ ነጭ ሳጥን፣ የዝናብ መለኪያ፣ አንድ ረጅም ብረት፣ ብረቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ሦስት ኩባያዎች። የመጀመሪያው ቀን ኩባያዎቹን አንጋጥጬ አይቼ፣ «ለወፍ ውሃ ማጠጫ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ አስፋው አልሣቁብኝም። «ነፋስ ሲገፋቸው ይዞራሉ፤ በዞሩበት ልክ ፍጥነቱን እናውቃለን። ና ላሳይህ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘበኛም ተማሪም ሆንሁ። ቁጥር ማንበብ ለመድሁ። ቀጥሎ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ድምፅ ማጉያ ይዞ ገበያ የሚቆም ሰው ተፈለገ። ማንም አልወደደውም፤ የእኔ ጉሮሮ ሰፊ ነው፤ ተሰጠኝ። ደመወዙ ከዘበኛው እምብዛም አልበለጠም፤ ስለ እሱ ይኸው ይበቃል።

ጋሽ አስፋው ቀጭን ሰው ናቸው፤ ከኮታቸው ኪስ የገብስ ቆሎ አይጠፋም። ማስጠንቀቂያ ሊጽፉ ሲሉ ቆሎውን ጠረጴዛው ላይ ያፈሱና አንድ የማያስፈልግ ቃል በሰረዙ ቁጥር አንዲት ፍሬ ይበላሉ። «ዛሬስ ጠገብሁ» ካሉ ጽሑፉ አጥሯል ማለት ነው። ቆሎው ሳይነካ የቀረ ዕለት ወረቀቱን ቀደው እንደገና ይጀምራሉ።

ሌላው ልማዳቸው የኩባያዎቹን ቁጥር አንብበው ወዲያው አለመጻፍ ነበር። ጀርባቸውን ለብረቱ ሰጥተው ከተማውን ይመለከታሉ። «መሣሪያው ምን ያህል እንደነፈሰ ይነግረኛል፤ ምን እንዳደረገ ግን አይነግረኝም» ይሉኛል። ጭሱ ጋደም አለ? የባሕር ዛፉ ቅጠል ተገለበጠ? ሴቶቹ ነጠላቸውን የያዙት በአንድ እጅ ነው በሁለት? ቆርቆሮው ማጉረምረም ጀመረ? መጨረሻ ላይ አህያ ይፈልጋሉ። የተጫነች አህያ መንገድ ላይ ቆማ ቂጧን ለነፋሱ ከሰጠች ወሬ አበቃ፤ ገብተው ወረቀት ያወጣሉ።

«አህያ ያላለፈች ዕለትስ?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ያን ዕለት አንተን አያለሁ» አሉኝ።

አሁን ስለ እኛ አገር ሰውና ስለ ነፋስ ልናገር። ሌላ አገር ነፋስ ጠላት ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ እህል ታጭዶ ተከምሮ፣ ውቂያ ሲደርስ፣ ነፋስ እንደ እንግዳ የሚጠበቅ ነው። ክምሩ ይከፈታል፣ አውድማው ላይ ይዘረጋል፣ በሬዎቹ ይረግጡታል፤ ከዚያ በመንሽ ወደ ላይ እያነሱ ለነፋስ መስጠት ነው። ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ይወርዳል። ነፋስ ከሌለ ሰው መንሹን ተመርኩዞ ሰማይ ሲያይ ይውላል። በዚያ ወራት «ነፋስ ይመጣል» ያለ ሰው ደስ የሚል ወሬ ተናገረ እንጂ አላስፈራራም። ይህን ሁላችንም እናውቀው ነበር። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ሆኖም ማስጠንቀቂያ ስንጽፍ አንዳችንም ትዝ አላለንም።

የዚያን ጊዜው ጽሑፍ «ጠንካራ ነፋስ ስለሚጠበቅ አርሶ አደሮች ለምርታቸው ልዩ ትኩረት ይስጡ» የሚል ነበር። ጋሽ አስፋው ሁለት ሦስት ቃል ሰርዘው፣ ቆሎአቸውን ቆርጥመው ሰጡኝ። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ጮህሁ።

«ጠንካራ ነው ያልኸው?» አለ አንዱ በቅሎውን አቁሞ።

«ጠንካራ!»

«አላህ ይስጥህ። ሳምንት ሙሉ ቆመን ስንጠብቀው ነበር።»

ሰዉ መረቀኝ። አንዲት ሴትዮ ሽንብራ በእፍኟ ሰጠችኝ። ማስጠንቀቂያ እንዲህ ተወድዶ አያውቅምና ደረቴን ነፍቼ ተመለስሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ አስፋው ከግቢው ጫፍ ቆመው ጠሩኝ። ከታች ባለው ተረተር ሁሉ ክምር ተከፍቷል። ስንዴው፣ ገብሱ በየአውድማው ተዘርግቶ ያበራል።

«ይመር፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምርት እያወጡ ነው።»

«ዛሬ? ማን አውጡ አላቸው?»

ጥያቄው ከአፋቸው ሳይወርድ ገባቸው። ኮታቸውን እንኳ ሳይቆልፉ ቁልቁል ወረዱ፤ እኔም ተከተልሁ። «ክደኑ፣ መልሱ» እያልን ሁለት ሦስት አውድማ ደረስን። ከዚያ በላይ አልደረስንም። ነፋሱ ከገደሉ አፍ ወጣና መጣ። ገለባና ፍሬ የሚለይ ነፋስ አልነበረም፤ ሁሉንም አንድ ላይ አንስቶ ገደል የሚከት ነው። ሰው መሬት ላይ ተኝቶ ምርቱን በጋቢው ሊይዝ ሲታገል አየሁ። ነፋሱ ጋቢውንም ወሰደው።

ከሁሉ የተጎዳችው ጦይባ ነበረች። ባሏ ሞቶባት፣ ልጆቿን በአንዲት ማሳ ስንዴ የምታሳድግ ሴት ናት። አውድማዋ ከገደሉ ጫፍ ስለነበር ምንም አልተረፋትም። በነጋታው ሄድን። አውድማው እንደ ተጠረገ ቤት ንጹሕ ሆኗል።

«ጦይባ፣ ማስጠንቀቂያውን አልሰማሽም?» አሏት ጋሽ አስፋው፣ ቀስ ብለው።

«ሰማሁ እንጂ ጌታው። ባልሰማማ ክምሬን መቼ እነካው ነበር?»

ጋሽ አስፋው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አንቱ አልዋሹም» አለች። «ነፋስ ይመጣል አሉ፣ መጣ። ለምርትሽ ትኩረት ስጪ አሉ፣ ሰጠሁ። ሌሊት ተነስቼ፣ በሬ ተውሼ፣ ቀድሜ ዘረጋሁ።»

ተመልሰን ግቢ ስንደርስ፣ «ከጽሑፉ ውስጥ ስህተት ፈልጌ አጣሁ። እሷ ግን እህሏን አጣች» አሉኝ። በዚያ ሳምንት ቆሎ ሲበሉ አላየኋቸውም። ጎረቤት ለጦይባ አዋጣላት፤ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ቤት እህል ተጫነላት፤ ዓመቱ አለፈ። በቀጣዩ ክረምት ከአውድማዋ ዝቅ ብሎ በየሰው ማሳ ዳር ስንዴ ሲበቅል ጊዜ፣ «የእኔ ነው፣ እንዳትነኩት» እያለች መንደሩን ስታስቅ ከረመች።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ አስፋው አዲስ ሕግ አወጡ። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ወደ ገበያ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ጦይባ ይልኩኛል። «ምን ይላል ብለህ እንዳትጠይቃት። ምን ታደርጊያለሽ ብለህ ጠይቃት» ይሉኛል። መልሷ የማንፈልገው ከሆነ ጽሑፉ ይቀደዳል። ደመወዝ የላት፣ መታወቂያ የላት፣ ከእኛ ግቢ ግን ያለ እሷ ወረቀት አልወጣም።

እኔ በመሐል ተዛውሬ ጃማ ወረዳ፣ ደጎሎ ሠርቻለሁ። እዚያ የነበሩት አለቃ ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን «ከመካከለኛ እስከ ከባድ» የምትል ቃል ይወዱ ነበር። ዝናቡም፣ ብርዱም፣ ነፋሱም ከመካከለኛ እስከ ከባድ ነው። አንድ ቀን ገበያ ላይ ይህንኑ ስጮህ አንድ የጃማ ሽማግሌ፣ «መካከለኛው ለእኛ ከሆነ፣ ከባዱ ለማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለአለቃዬ ብነግራቸው፣ «ሁለቱንም ካልን አንሳሳትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በሳቸው ዘመን አንድም ቀን አልተሳሳትንም። ማንም ደግሞ ክምሩን አልከደነም።

ወደ መካነ ሰላም ስመለስ ጋሽ አስፋው ጡረታ ወጥተው፣ በቦታቸው ሰዓዳ የምትባል ልጅ ተሹማ ጠበቀችኝ። ልጅ የምላት በእኔ ዕድሜ ለክቼ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ በኮምፒውተር የሰማዩን ፎቶ የምታይ ናት። በቃላት ተጣልተን አናውቅም ብል ውሸት ነው። በየሳምንቱ እንጣላ ነበር።

አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያው በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ጭምር ይነገር ብላ ሼሁንና ቄሱን ጠራች። «ነገ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይመጣል» ብላ አነበበችላቸው።

«ኢንሻአላህ አላልሽም» አሉ ሼሁ።

«ሼህ፣ ኢንሻአላህ ካልሁ ሰው ላይመጣ ይችላል ብሎ ይዘናጋል።»

«ላይመጣም ይችላላ።»

«እሱስ ይችላል።»

«ታዲያ?»

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛም እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሳንል ስለ ነገ አንናገርም። ነገር ግን ነፋሱን ቢፈቅድ ካልን፣ እንዲመጣ የምንጸልይ አይመስልም?»

«ወላሂ እውነት ነው» ብለው ሼሁ ሣቁ። «ጣራዬን አንሳልኝ ብሎ ዱዓ የሚያደርግ ማነው? ቆይ፣ እናንተ ምን አያችሁ?»

«የነፋስ ምልክት» አለች ሰዓዳ።

«እንግዲያው ምልክት አይተናል በሉ፤ እሱ ያለፈ ነገር ነው፣ ማንም አይከራከርበትም። ምን ይሠራ የሚለውን ንገሩ። ኢንሻአላሁን እኔ መጨረሻ ላይ፣ በሰላም እንገናኛለን ከሚለው ፊት አገባዋለሁ።» ቄሱም ተስማሙ። እንዲያ ሆነ፤ እስከ መጨረሻው አልቀየርነውም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እኔ አሸነፍሁ። ኩባያዎቹ እንደ እብድ ይዞሩ ነበርና «ጣራ የሚነቅል ነፋስ» ይባል ብዬ ድርቅ አልሁ።

«ጋሽ ይመር፣ ጣራ እንደሚነቅል በምን አወቅን?»

«ከነቀለ በኋላ ማወቁ ምን ይሠራልናል?»

ደከማትና ተወችልኝ። ነፋሱ ወደ ዓባይ በረሃ ታጥፎ ሄደ፤ እኛ ጋ ቅጠል አልነቃነቀም። አንዱማ ነፋስ ከሚያበላሽብኝ ብሎ የቤቱን ቆርቆሮ ራሱ አውርዶ በረት ውስጥ ደርድሮት ነበር። መልሶ እስኪመታ ሚስቱ ምን እንዳለችው አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ ገበያተኛው ሲያየኝ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይይዝ ጀመር። ሴቶቹም ሻሻቸውን። እኔ ግን ዛሬም ቃሉ ልክ ነበር እላለሁ፤ ልክ ያልነበረው ነፋሱ ነው።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያዬ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ውቂያው ደርሷል፤ በየተረተሩ ግማሹ ክምር ተከፍቷል። ሰዓዳ ከማሽኗ ቀና ብላ፣ «ከቀትር በኋላ ይመጣል፤ እሑድንም ይውላል» አለችኝ። ሰው ባርኔጣውን ይዞ የሚሥቅብኝ ጊዜ ነው። ካልሰማን የዓመቱ እህል ገደል ይገባል። ሰምቶን ነፋሱ ካልመጣ ደግሞ ዳግመኛ የሚሰማን አይኖርም።

«ከባድ እንበል» አልሁ።

«ከባድም ቀላልም አንበል።»

«ከባድ ካላልን ማን ይነሳል?»

«የእርስዎ ከባድና የእነሱ ከባድ አንድ አይደለም፤ አየነው እኮ። ምልክት አይተናል፣ እንዲህ አድርጉ፣ በቃ።»

እየተጨቃጨቅን ገበያ ደረስን። ጦይባ ነጭ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። ሰዓዳ የራሷን ጽሑፍ አነበበችላት። «የነፋስ ምልክት አይተናል። ክምራችሁን አትክፈቱ። የተከፈተውን ሰብስባችሁ በገመድና በድንጋይ እሰሩ።»

«ምን ታደርጊያለሽ?» አልኋት።

«አስራለሁ።»

ሰዓዳ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች።

«ነገ ጠዋት ደግሞ እፈታለሁ» አለች ጦይባ።

«እንዴ፣ ለምን?»

«እስከ መቼ እንደሆነ መች አላችሁ? እኔ በሬ ተውሻለሁ፣ ሰው ጠርቻለሁ። ዳኛ እንኳ ሲያስር ቀን ይቆርጣል።»

ስንት ዘመን ስጽፍና ስጮህ ይህ አልታሰበኝም ነበር። ለጋሽ አስፋውም፣ ለሰዓዳም አልታሰባቸው። ሰዓዳ፣ «ሰኞ ጠዋት እንነግራችኋለን እንበል» አለች።

«ማነው የሚነግረኝ?» አለች ጦይባ። «ስም ጥሩልኝ። ያልታወቀ ሰው እስኪነግረኝ አልጠብቅም።»

«እኔ፣ ይመር» አልኋት።

ሰዓዳ ደነገጠች። የወሩ መጨረሻ እሑድ ስለሆነ ሰኞ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ግን አፌ ቀድሟል።

ድምፅ ማጉያውን ይዤ ሁልጊዜ የምጮህበት ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ጮህሁ። ባርኔጣ ያዦቹ ተሰበሰቡ።

«ይመር፣ የዛሬውስ ጣራ ነቃይ ነው?»

«አላውቅም። ክምርህን እሰር።»

«ካልመጣስ?»

«ሰኞ ጠዋት እዚህችው ድንጋይ ላይ ታገኘኛለህ። ክፈቱ የምለው እኔ ነኝ። ካልመጣም የምትሰድቡት እኔን ነው። ከየመንደሩ አንዳንድ ሰው ላኩ፤ ተባብራችሁ ስደቡኝ።»

ሣቁ። እየሣቁ ግን ጭነታቸውን ይዘው መሄድ ጀመሩ። ጦይባም ሽንኩርቷን ጠቅልላ ሄደች። ገበያው ከወትሮው ቀድሞ ተፈታ። ንብረት ክፍሉም ማጉያውን የዚያኑ ዕለት ተረከበኝ፤ «ጋሽ ይመር፣ ከእሑድ በኋላ የመንግሥት ዕቃ አይያዙም» አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልከራከር ሰጠሁ።

ነፋሱ መጣ። የገበያውን ዳስ ሁሉ ገለበጠ፤ የእኛን አጥር ጣለ፤ አንድ የመብራት ምሰሶ አጋደመ። እሑድንም አላረፈም። እኔ በመስኮት አህያ ስፈልግ ዋልሁ፤ አንዲትም ከቤቷ አልወጣች።

ሰኞ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ዘይነባ፣ «ጡረተኛ ወዴት ነው?» አለችኝ። «ቃል አለብኝ» ብያት ወጣሁ።

ገበያው በሰው ተሞልቷል። ከየመንደሩ አንድ ያልኋቸው፣ ሦስት አራት ሆነው መጥተዋል። ክምራቸው ተርፏል፤ ደስ ብሏቸዋል፤ ደግሞም ቸኩለዋል። ከሰዓዳ ጋር የተቀጣጠርነው እሷ ኩባያዎቹ ሥር ቆማ እንድትደውልልኝ ነበር። ስልኬን ባየው ኔትወርክ የለም። ምሰሶው ሲወድቅ እሱም ሄዷል። ነፋሱ በረድ ብሏል፤ ግን በየመሐሉ ብድግ ይልና አቧራ ያነሳል።

«በል እንጂ፣ ክፈቱ በለን» አሉኝ።

«አልልም።»

«ነፋሱ አልቋል እኮ።»

«ካለቀ አቧራውን ማነው የሚያነሳው?»

«ጡረታ ወጥተሃል አሉ። ብትሳሳት ማን ይቀጣሃል?»

«ያንተ ሚስት» አልሁት። ሳቅ ሆነ። ሳቁ ግን ብዙ አላቆያቸውም፤ ከወደ ኋላ አንዳንዱ መሄድ ጀመረ። ማጉያ የለኝ፣ ሹመት የለኝ፣ ጉሮሮ ብቻ ነው ያለኝ። «የሚሄድ ይሂድ፤ ክምሩን የጠበቀው ግን ሁለት ቀን ነው፣ አንድ ሰዓት ያቅተዋል?» ብዬ ጮህሁ። ጦይባ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ስሙን ያስጠራሁት እኔ ነኝ፤ እጠብቃለሁ» አለች። እሷ ስትቀመጥ አጠገቧ ያሉት ተቀመጡ።

ትንሽ ቆይቶ ባጃጅ እየጮኸ መጣ። ሰዓዳ አቧራ ለብሳ ወረደች።

«ዘገዩ» አለችኝ እያለከለከች። «የኩባያዎቹ አዟዟር ዘገየ። አሁን ክፈቱ ይበሉ።»

«አንቺ በያቸው። የጣቢያው ኃላፊ አንቺ ነሽ።»

«የተጠራው የእርስዎ ስም ነው ጋሽ ይመር።»

«ክፈቱ!» አልሁ። ያለ ማጉያ ነው፤ ዳር የነበሩት እንኳ ሰሙት።

ከጦይባ ጋር ወደ አውድማዋ ወረድሁ፤ ሥራ ስለሌለኝ ላግዛት። ክምሩን ከፈትን፣ ዘረጋን፣ በሬዎቹ ረገጡት። ከቀትር በኋላ ሁሉ ነገር ተዘጋጀ። መንሾቻችንን ይዘን ቆምን። በየተረተሩ፣ በየአውድማው ሰው እንደ እኛው መንሹን ይዞ ቆሟል። ነፋስ የለም። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቅጠል አይነቃነቅም።

«ይመር» አለች ጦይባ።

«አቤት።»

«ይኼን ነፋስ እንዳለ አሰርኸው እንዴ? ለእኛ ትንሽ ብታስቀር ምን ነበረበት?»

ከማዶ አውድማ አንዱ ሰምቷት ኖሮ ጮኸ። «ጡረታ የወጣው አንተ ነህ ወይስ ነፋሱ?»

ከተረተር ተረተር ተሣቀብኝ። ገለባው ላይ ቁጭ አልሁ። እንዲህ ያለ ስድብ ስንት ዘመን ስመኝ እንደኖርሁ ያኔ ገባኝ፤ እህል ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚሳደብ። ፀሐይዋ ጋደል ስትል ከገደሉ በኩል ለስለስ ያለ ነፋስ ወጣ። ማንም አላበሰረውም፣ ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ጦይባ ብድግ ብላ የመጀመሪያውን መንሽ ሙሉ ወደ ላይ አነሳች።